ኮላው አይደለም

ባለፈው ጥር አንድ ሠልጣኝ የሻይ ጠረጴዛ አሸክሞ ወደ ሥራ ቦታዬ መጣ። የጠረጴዛው ፊት የዋንዛ ጣውላ ነው። በጣውላው ወርድ፣ ከሁለቱም ጠርዝ ጥቂት ጣት ሲቀረው የሚቆም የወይራ መስመር ፈልፍሎ አስገብቶበታል። ነሐሴ ላይ ሲጨርሰው አይቼው ስለነበር ሥራውን አውቀዋለሁ፤ በወይራውና በዋንዛው መካከል ጥፍር የሚገባበት ክፍተት አልነበረም። አሁን ግን ወይራው መሀሉ ላይ ጎብጦ ተነሥቷል፤ ከሥሩ ቁልፍ ያስገባል። «ጋሼ፣ ኮላው ከዳኝ፤ ከዚህ የሚበልጥ ኮላ የት ላግኝ?» አለኝ።

መስመሩን ነቅለን ገልብጠን አየነው። በወይራው ሆድ ላይ የዋንዛ ጅማት ተጣብቆ ወጥቷል። ስለዚህ ኮላው አልለቀቀም፤ ዋንዛው ራሱ ነው ተቦጭቆ የተነሣው። አሳየሁት፣ አስረዳሁት፣ «እሺ ጋሼ» ብሎ ሄደ። ከሳምንታት በኋላ ከባልደረባው እንደሰማሁት በእጥፍ ዋጋ ሌላ ኮላ ገዝቶ ያንኑ መስመር እዚያው ቦታ መልሶ ለጥፎታል። ልጁ እጁ ጥሩ ነው፣ ትጉህም ነው። እንዲህ ያለ ልጅ የጥፋቱን ምክንያት ሳያውቅ ተስፋ ቆርጦ ሙያውን እንዳይተው እሰጋለሁ።

እንጨት በእንጨት ላይ ፈልፍሎ ማስገባት የሚጀምሩ ልጆች ጥያቄያቸው ሁልጊዜ ከኮላ ይጀምራል። ነጩ ወይስ ቢጫው? ኢፖክሲ ይሻላል? ከውጭ የሚመጣውስ? እንጨቱ መቼ ተሰነጠቀ፣ የት ተቀመጠ፣ ምን ያህል ውሃ ይዟል ብሎ የሚጠይቀኝ ግን የለም። ጥያቄው ከዓመት ዓመት አንድ ነው፤ መልሴም አንድ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ደክሞኛል። ጊዜው ያላለፈበት ተራ ነጭ የእንጨት ኮላ፣ ጅማቱ ትይዩ ሆኖ በደንብ በገጠመ እንጨት ላይ ከእንጨቱ ይበልጥ ይጠነክራል። የሚጠራጠር ሁለት ቁራጭ አጣብቆ ያሳድርና በማግስቱ በመዶሻ ይስበረው። የሚሰበረው ከኮላው መስመር አጠገብ ያለው እንጨት ነው።

እንጨት ተቆርጦም፣ ተልጎም፣ ቫርኒሽ ተቀብቶም አየሩን እየተከተለ ውሃ ይወስዳል፣ ይሰጣል። ሲወስድ ያብጣል፣ ሲሰጥ ይኮማተራል። ይህን ሁሉም ሰምቶታል። ተሰምቶ ያልተዋጠው፣ የሚያብጠውና የሚኮማተረው በወርዱ እንጂ በቁመቱ አለመሆኑ ነው። ሰፌድ የሚሰፉ እናቶች ያውቁታል፤ ውሃ የነካው ስንደዶ ይወፍራል እንጂ አይረዝምም። አንድ እንጨት ከእርጥብነቱ ተነሥቶ ፈጽሞ እስኪደርቅ ድረስ በቁመቱ የሚያጥረው በአብዛኛው ከመቶ 0.1 እስከ 0.2 ብቻ ነው። በወርዱ ግን እንደ ዝርያውና እንደ አሰነጣጠቁ ከመቶ 3 እስከ 10 ሊጠብ ይችላል። የዚህ ሙያ ጣጣ ሁሉ ከዚህ ልዩነት ይመነጫል።

የልጁን ጠረጴዛ በዚህ እንየው። የአዲስ አበባ የክረምት አየር እርጥብ ነው፤ በሩ ክፍት በሆነ ሥራ ቦታ የቆየ ጣውላ ነሐሴ ላይ ከደረቅ ክብደቱ 14 በመቶ ያህል ውሃ ቢይዝ አይገርምም። በበጋው ፀሐይና ነፋስ ወደ 10 በመቶና ከዚያም በታች ይወርዳል። 40 ሳንቲሜትር ወርድ ያለው ጣውላ በዚህ ለውጥ ብቻ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ሊጠብ ይችላል፤ ዋንዛ ከብዙ እንጨቶች ያነሰ ይንቀሳቀሳል፣ ግን ይንቀሳቀሳል። ወይራው ደግሞ ቁመቱን በጣውላው ወርድ ላይ ዘርግቶ ተጋድሟል፤ እሱ አላጠረም። ጉድጓዱ አጠረ፣ በውስጡ ያለው እንጨት ባለበት ቀረ። ወደ ላይ ከመነሣት ሌላ መሄጃ አልነበረውም። ኮላው ኢፖክሲ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ወይራው ባይነሣም ዋንዛው ይሰነጠቅ ነበር። ኃይለኛ ኮላ ጉዳቱን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውራል እንጂ አያስቀረውም።

የተበላሸ ሥራ ሲመጣልኝ ክፍተቱ የት እንዳለ አያለሁ፤ ጥፋቱን የሚናገረው እሱ ነው። የገባው ጌጥ በሁለቱም ጎኖቹ እኩል ከሸሸና ጫፎቹ እንደገጠሙ ከሆኑ፣ ጌጡ ሲገባ ከጣውላው ይልቅ እርጥብ ነበር ማለት ነው፤ በኋላ ደርቆ በወርዱ ጠበበ። ጅማቱን አቋርጦ የገባ መስመር በበጋ ተሠርቶ በክረምት በጫፎቹ ላይ ክፍተት ካሳየ፣ ጣውላው አብጦ ጉድጓዱን አስረዝሞታል። በበጋ ከጎበጠ የልጁ ዓይነት ነው። ጣውላው ራሱ እንደ ቆርቆሮ ከተቆለመመና ጌጡ ከዳርና ከዳር ከተነሣ ደግሞ ጠረጴዛውን ገልብጡት፤ ሆዱ ቫርኒሽ አልነካውም። ላይኛው ፊት ሦስት ጊዜ ተቀብቶ ታችኛው ባዶውን ሲቀር አንዱ ገጽ ፈጥኖ እርጥበት ይወስዳል፣ ይሰጣል፤ ሌላው ይዘገያል። እንግዳ ስለማያየው ብሎ ሆዱን ሳይቀባ የሚያስረክብ ሰው በዝቷል። ከእነዚህ አራት ጉዳቶች በአንዱም ውስጥ የኮላው ዓይነት የሚለውጠው ነገር የለም።

ነገሩ ጥንታዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 ሃዋርድ ካርተር የቱታንካሙንን መቃብር ሲያገኝ፣ የንጉሡን አስከሬን ከበው የቆሙት በወርቅ የተለበጡ ትልልቅ የእንጨት ታቦቶች ከ3,200 ዓመት በላይ ሳይፈርሱ ቆይተው ነበር። ሲፈተሹ ግን እንጨቱ በደረቁ አየር ተኮማትሮ፣ በላዩ የተጣበቀው የጀሶና የወርቅ ልባስ ግን እንደነበረ ቀርቶ በመካከላቸው ክፍተት ተገኘ፤ ልባሱ እንዳይረግፍ ባለሙያዎቹ ብዙ ደከሙ። ግብፃውያኑ አናጺዎች በሚያውቁት ሁሉ ሠርተዋል፣ ግን እንጨቱ እንደ እንጨት ኖረ።

በጣሊያን ጉቢዮ ለፌዴሪኮ ዳ ሞንቴፌልትሮ በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ የተሠራው የንባብ ክፍል ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ዛሬ ኒው ዮርክ በሚገኘው ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ቆሟል። ግድግዳው ላይ የተከፈቱ የቁምሣጥን በሮች፣ መጻሕፍት፣ የሙዚቃ መሣሪያዎች ይታያሉ፤ ሁሉም ጠፍጣፋ ነው፣ ሁሉም የተለያየ ቀለም ካለው እንጨት እየተቆረጠ የተገጠመ ነው። ያን ሥራ የሚያይ ሰው የቁራጮቹን ትንሽነት ልብ ይበል። አንድ ሳንቲሜትር የሆነ ቁራጭ በወርዱ የሚንቀሳቀሰው ከፀጉር ያነሰ ነው፤ ግማሽ ሜትር የሆነ መስመር ግን ጣውላን ይሰነጥቃል። ጠረጴዛውን ማቋረጥ ካለባችሁ መስመሩን ከብዙ አጫጭር ቁራጮች ሥሩት፤ የእያንዳንዱም ጅማት የጣውላውን ጅማት ተከትሎ ይሂድ። ከዚያ አብረው ያብጣሉ፣ አብረው ይኮማተራሉ። መልኩም ያምራል።

የኮላው አባዜ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ልጆቹ በስልካቸው የሚያዩት ቪዲዮ አብዛኛው በስስ ቬኒር የሚሠራ ነው፤ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ የሚለጠፈውም በኤምዲኤፍ ወይም በኮምፔንሳቶ ላይ ነው። ኤምዲኤፍ ጅማት የለውም፤ ኮምፔንሳቶም ንብርብሮቹ ተጠላልፈው ስለተጣበቁ በወርዱ ብዙም አይንቀሳቀስም። እንዲህ ባለ መሠረት ላይ ስስ ልጣጭ ቢፈልግም የመነሣት ጉልበት የለውም፤ ኮላው ያሸንፈዋል። ያንን አይተው 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ወይራ በሙሉ ጣውላ ውስጥ ይቀብራሉ። ሁለቱ ሥራዎች መልካቸው እንጂ ባሕርያቸው አይገናኝም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልገው መሣሪያ ሚዛን ነው። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ያለው ይጠቀምበት፤ የሌለው የወጥ ቤት ሚዛንና ምድጃ ይበቃዋል። ከጣውላው ጫፍ ሳይሆን ገባ ብሎ አንድ ቁራጭ ይቁረጥ፣ ይመዝን፤ በ103 ዲግሪ ሴልሺየስ ምድጃ ውስጥ ያቆየውና ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም እየደጋገመ ይመዝን። 115 ግራም የነበረው 100 ላይ ከቆመ 15 ግራም ውሃ ነበረበት፤ እርጥበቱ 15 በመቶ ነው። ምድጃ የሌለው ጣውላውንም የጌጡንም እንጨት አንድ ክፍል ውስጥ አየር በሚያገኛቸው ሁኔታ ደርድሮ በየሳምንቱ አንድ ቁራጭ ይመዝን፤ ክብደቱ ሲረጋ እንጨቱ ከክፍሉ አየር ጋር ተስማምቷል። ሁለቱም እንጨቶች እኩል ደርቀው መገናኘታቸው ከማንኛውም ኮላ ይበልጣል።

ውጭ አገር ላሉ ዘመዶች የሚላክ ሥራማ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሚኒሶታ ወይም ስቶክሆልም ውስጥ በብርዱ ወራት በማሞቂያ የሚሞቅ ቤት አየሩ ከአዲስ አበባ በጋ በባሰ ሁኔታ ሊደርቅ ይችላል። እዚህ በሐምሌ ተሠርቶ እዚያ በታኅሣሥ የሚከፈት ሣጥን ላይ ጅማት አቋርጦ የሚሄድ ረጅም ጌጥ አልሠራም፤ ደንበኛው ቢለምነኝም አልሠራም።

ክፍተት ሲፈጠር ሰጋቱራ በኮላ ለውሶ መድፈን የሚሉት ነገርም ከዚያው አስተሳሰብ የሚወለድ ነው። ልውሱ ሲደርቅ ይሰምጣል፤ ኮላው ቫርኒሽ እንዳይገባ ስለሚከለክል ጠቁሮ ወይም ደብዝዞ ለዘላለም ይታያል። ግጥሚያውን የሚያስተካክለው ስለታም ቢላዋ ነው። ጌጡን አስቀድማችሁ ጨርሱት፣ ጣውላው ላይ አስቀምጡት፣ ዙሪያውን በቢላዋ ጫፍ ተከተሉት። የእርሳስ መስመር ራሱ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ይወፍራል፤ በእርሳስ የተሠመረ ጉድጓድ ገና ሲጀመር ሰፍቷል። ከዚያ መሮው መስመሩን ሳይነካ ከውስጥ ይጀምርና በመጨረሻ ቢላዋው በተወው ስንጥቅ ላይ ያርፋል።

ኮላ ላይ የምሰጠው ምክር ካለ ስለ ውሃው ነው። ነጭ ኮላ ውሃ ስላለው በዙሪያው ያለውን እንጨት ያሳብጠዋል። በማግስቱ በመላጊያ ደልድሎ ያስረከበ ሰው፣ ውሃው ሲወጣ መስመሩ ከጣውላው ዝቅ ብሎ ያገኘዋል። ጌጡ ከጣውላው ፊት አንድ ሚሊሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቅር፣ ቢያንስ ሳምንት ይቆይ፣ ከዚያ ይላግ። ወይራ ደግሞ ቅባታማ ነው፤ አዲስ የተላገ ፊቱን በአልኮል ወይም በአሴቶን ጠርጎ ወዲያው መለጠፍ ያስፈልጋል። በዚህ ላይ ለሚከራከረኝ እስማማለሁ፤ ወይራ ሳይጠረግ ቀርቶ የለቀቀ ሥራ አለ። ግን ያኔ የተነቀለው ቁራጭ ሆዱ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፣ የዋንዛ ጅማት አይዝም። ከመፍረዳችሁ በፊት ገልብጡና እዩ።

ይህን ሁሉ የምጨነቅበት ምክንያት እንጨቱም ስለሚያሳዝነኝ ነው። ዋንዛ፣ ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ የ1986ቱ የደን አዋጅ በስም ጠርቶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሏቸው የነበሩ አገር በቀል ዛፎች ናቸው። ዛሬ እጃችን የሚገባው ዋንዛ በአብዛኛው ከገበሬ ማሳና ከቡና ጥላ ዛፎች የወጣ ነው፤ ዛፉ ብዙ ዓመት ቆሞ ያደገ ነው። በአንድ በጋ ተሰንጥቆ ለማገዶ ሲሄድ ማየት አይገባም።

ለጣውላ ነጋዴዎች አንድ ልመና አለኝ። ጣውላው የተሰነጠቀበትን ወርና ዓመት ጫፉ ላይ በጠመኔ ጻፉልን። «ደረቅ ነው» የሚለው ቃል ለገዢው ምንም አይነግረውም፤ ቀኑ ግን ይነግረዋል። ጀማሪዎችም ሳትጠይቁ አትግዙ፤ ቀኑን የማይነግራችሁን ትታችሁ ወደሚነግራችሁ ሂዱ።