የፀሐይ ብርሃንን የሚያጠምደው የመዳብ ኦክሳይድ ሽፋን በፈሳሽ ውስጥ እንዴት ይሠራል?

ሴሚኮንዳክተሮች ኤሌክትሪክን እንደ ብረት በነጻነት የማያስተላልፉ፣ እንደ ብርጭቆም ፈጽመው የማያግዱ ቁሶች ናቸው። ያለ እነርሱ ስልክም ሆነ የፀሐይ ኃይል መሰብሰቢያ አይሠራም። ብዙዎቹ የሚመረቱት በከፍተኛ ሙቀት ወይም አየሩ ተመጦ በወጣ ክፍል ውስጥ ስለሆነ መሣሪያው ውድ ነው።

አንዳንድ የብረት ኦክሳይዶችን ግን እጅግ በቀለለ መንገድ፣ በፈሳሽ ውስጥ ማዘጋጀት ይቻላል። ዘዴው ጌጣጌጥን በኤሌክትሪክ ወርቅ ከመቀባት ጋር ይመሳሰላል።

ሂደቱ ምን ይመስላል?

ቀዩ የመዳብ ኦክሳይድ ጥሩ ማሳያ ነው። በመጀመሪያ ኮፐር ሰልፌት በውሃ ይሟሟል። ወተት ሲረጋ የሚፈጠረው ላክቲክ አሲድ ይታከልበታል፤ ቀጥሎ ኮስቲክ ሶዳ ገብቶ ፈሳሹን አልካላይን ያደርገዋል። ላክቲክ አሲዱ ባይኖር መዳቡ ዝቃጭ ሆኖ ይቀር ነበር።

ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀው ፈሳሽ ውስጥ፣ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ቅብ ያለው መስታወት ይነከርና ከኤሌክትሪክ ምንጩ አሉታዊ ጫፍ ጋር ይገናኛል። የመዳብ አዮኖች እያንዳንዳቸው አንድ ኤሌክትሮን ሲቀበሉ፣ ከፈሳሹ ሃይድሮክሳይድ ጋር ተዋህደው በመስታወቱ ላይ ኦክሳይድ ሆነው ያርፋሉ። ቮልቴጁ ከልክ ካለፈ ግን ሁለት ኤሌክትሮን ይቀበሉና ተራ መዳብ ይሆናሉ።

የሽፋኑን ውፍረት የሚወስነው የተላለፈው የኤሌክትሪክ መጠን ነው። ይህን ሕግ ማይክል ፋራዳይ የደረሰበት በ1830ዎቹ ነበር።

ፈተናው የት ላይ ነው?

ቀዩ ኦክሳይድ የፀሐይን ብርሃን ስለሚመጥ፣ ተመራማሪዎች ከውሃ ሃይድሮጅን ለማውጣት ሊጠቀሙበት ይሻሉ። ችግሩ በብርሃን የተነሡት ኤሌክትሮኖች ውሃውን ትተው ራሱን ኦክሳይዱን ማጥቃታቸው ነው፤ ሽፋኑም በአጭር ጊዜ ወደ መዳብ ይለወጣል።

በአውሮፓውያኑ 2011 በስዊዘርላንድ የሎዛን ፌዴራል የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች፣ ኦክሳይዱን በናኖሜትር በሚለኩ የዚንክ ኦክሳይድና የቲታኒየም ኦክሳይድ ንብርብሮች ሸፍነው ጉዳቱን በእጅጉ ቀነሱ። ይሁን እንጂ ንብርብሮቹ የተጣሉት አቶሞችን ደረጃ በደረጃ በሚደርብ ረቂቅ መሣሪያ ነው። በርካሽ የተሠራውን ሽፋን የሚጠብቀው ውድ ጋሻ ሆነ ማለት ነው።

ሽፋኑን ለመሥራት የብርጭቆ ዕቃ፣ ማሞቂያና የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ በቂ በመሆናቸው፣ ዘዴው አቅማቸው ውስን ለሆኑ ቤተ ሙከራዎችም በሩ ክፍት ነው። ጋሻውም በተመሳሳይ ወጪ ሲሠራ፣ የዘዴው ርካሽነት ከመጀመሪያው ደረጃ አልፎ ሃይድሮጅኑ ድረስ ይዘልቃል።