የጋራ መዝገብ ሲላቀቅ ሰርቨር ስለሚቆምበት ምክንያትና ስለ መፍትሔው

በንግድ ቤት ውስጥ አንዱን መዝገብ ብዙ ሰዎች መጠቀማቸው የቆየ ልማድ ነው። ገቢውን የሚጽፈው በመጋዘን፥ ሽያጩን የሚጽፈው በሱቅ፥ ሒሳቡን የሚያወራርደው በቢሮ ይቀመጣል። ዛሬ በብዙ ቤት ይህ መዝገብ በወረቀት መሆኑ ቀርቶ በኮምፒዩተር ተይዟል፤ በአንደኛው ኮምፒዩተር የተቀመጠውንም መዝገብ ሌላው በመረብ አማካይነት እንደ ራሱ አድርጎ ይጠቀምበታል። ለዚህ ከሚያገለግሉት ስልቶች አንዱ፥ ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1984 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ያወጣው ኤንኤፍኤስ ነው። የሩቁን መዝገብ ከራስ ኮምፒዩተር ጋራ ማገናኘት «ማያያዝ»፥ ማለያየቱ ደግሞ «ማላቀቅ» ይባል።

ችግሩ በማያያዝ ጊዜ ሳይሆን ብዙውን ጊዜ በማላቀቅ ጊዜ ይነሣል። ለምሳሌ በብቸናና በሞጣ መካከል በምትገኘው በጉንደ ወይን አንድ የጤፍ ነጋዴ አለ እንበል። የሽያጩ ሰርቨር በሱቅ ነው፤ የመዝገቡ ማስቀመጫ ኮምፒዩተር ግን በመጋዘን ነው። ሲመሽ የመጋዘኑ ሠራተኛ የራሱን ኮምፒዩተር አጥፍቶ ይሄዳል። የሱቁ ጸሐፊ ሰርቨሩን ሊዘጋ ቢሞክር ሰርቨሩ ደንዝዞ ይቀራል። ጸሐፊው ጥቂት ከጠበቀ በኋላ የመብራቱን ገመድ ይነቅላል። በዚህ ጊዜ በሰርቨሩ ማስታወሻ ውስጥ የነበረውና ገና ወደ መጋዘኑ ያልደረሰው የዕለቱ ሽያጭ ይጠፋል።

ምክንያቱ እንደሚከተለው ነው። ኤንኤፍኤስ በተለመደው አሠራሩ ታማኝ መልእክተኛን ይመስላል፤ የሩቁ ኮምፒዩተር መልስ እስኪሰጠው ድረስ ደጋግሞ ይጠይቃል እንጂ ተስፋ ቆርጦ አይመለስም። ስለዚህ መዝገቡን የነካ ፕሮግራም ሁሉ፥ የማላቀቂያው ትእዛዝ ጭምር፥ በዚያው ጥበቃ ይያዛል። መዝገቡ ሳይላቀቅ መረቡ ቀድሞ ቢቋረጥም ውጤቱ አንድ ነው።

እንግዲህ ዋናው መድኃኒት የመዝጊያውን ቅደም ተከተል መጠበቅ ነው። በመጀመሪያ የሽያጩና የሒሳቡ ፕሮግራሞች ይዘጉ፤ ቀጥሎ መዝገቡ ይላቀቅ፤ ከዚያ ሰርቨሩ ይጥፋ፤ የማስቀመጫው ኮምፒዩተር የመጨረሻው ይሁን። ጧት ሲከፈት ግን ማስቀመጫው ይቅደም። በሊኑክስ ሰርቨር ላይ፥ መዝገቡ በመረብ የሚገኝ መሆኑ በማያያዣው ሰነድ ውስጥ እንዲመለከት ባለሙያውን ማዘዝ ይገባል፤ ያን ጊዜ ሰርቨሩ ራሱ ሲዘጋ መረቡን ከማቋረጡ አስቀድሞ መዝገቡን ያላቅቃል።

ሰርቨሩ «መዝገቡ በሥራ ላይ ነው» ብሎ ለማላቀቅ እንቢ ቢል፥ ይህ ጥበቃ እንጂ ብልሽት አይደለም። መዝገቡን የያዘው ፕሮግራም የትኛው እንደ ሆነ ፊውዘር በተባለው ትእዛዝ ይታወቃል፤ እሱን በሥርዓት መዝጋት ይበቃል።

ሰርቨሩ ከደነዘዘ ግን ገመድ ለመንቀል አይቸኩሉ። መጀመሪያ የማስቀመጫውን ኮምፒዩተር መልሰው ያብሩት፤ መረቡንም ይመርምሩ። ግንኙነቱ ሲመለስ የቆመው ሥራ ብዙውን ጊዜ ካቆመበት ይቀጥላል፤ የዕለቱም ሒሳብ ይተርፋል። ማስቀመጫው ጨርሶ የማይመለስ ሲሆን ብቻ በግድ የማላቀቅ ትእዛዝ ይሰጥ፤ ያልተላከው ጽሑፍ ሊጠፋ እንደሚችል አስቀድሞ መረዳት ያስፈልጋል። «የዘገየ ማላቀቅ» የተባለውም መዝገቡን ከዐይን ይሰውረዋል እንጂ የተያዘውን ፕሮግራም አይፈታውም።

አንዳንድ ሰዎች ሰርቨሩ ጥቂት ሞክሮ እንዲተው የሚያደርገውን ልል አያያዝ ይመርጣሉ። ድንዛዜው ይቀንሳል፤ ነገር ግን ጽሑፉ ሳይደርስ እንደ ደረሰ ተቆጥሮ መዝገቡ ሊበላሽ ስለሚችል፥ ለሒሳብ መዝገብ አይመከርም።

ቅደም ተከተሉ ተጠብቆ፥ ማስቀመጫውም እየሠራ፥ በማላቀቅ ጊዜ ሰርቨሩ አሁንም የሚወድቅ ከሆነ፥ ጉድለቱ በሊኑክስ አስኳል ውስጥ ሊሆን ስለሚችል፥ የሰርቨሩን የክንውን መዝገብ አስነብቦ አስኳሉን በአዲስ እትም ማስለወጥ ይገባል።

መብራት በድንገት በሚጠፋበት አገር ለሁለቱም ኮምፒዩተሮች፥ ለመረቡም መሣሪያ ጭምር፥ የባትሪ መጠባበቂያ ማኖር ያስፈልጋል። የመዝጊያውን ተራ በወረቀት ጽፎ ከሰርቨሩ አጠገብ መለጠፍ ደግሞ ወጪ የሌለው ጥንቃቄ ነው። መጋዘኑን ቆልፎ የሚሄድ ሰው በውስጥ የቀረ ሠራተኛ እንዳለ አስቀድሞ እንደሚጠይቅ ሁሉ፥ ኮምፒዩተር የሚያጠፋም ሰው መዝገቡ መላቀቁን አስቀድሞ ይጠይቅ።