ከጥቁሩ አሸዋ በታች

በአሶሳ ዞን፣ በመንጌ፣ በሸርቆሌና በኩርሙክ ወረዳዎች ወርቅ ከሚያጥቡት ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ወንዶቹ ጉድጓድ ገብተው ጠጠሩን ያወጣሉ፤ ሴቶቹ ውሃ ዳር አድርሰው ያጥባሉ። መሣሪያቸው ከእንጨት የተጠረበ፣ መሐሉ ጎድጎድ፣ ዳሩ ሳሳ ያለ ገበቴ ነው። ሌላ ቦታ የብረት ወይም የፕላስቲክ ሳፋ ይያዝ ይሆናል እንጂ አሠራሩ አንድ ነው። በቢሮ ቋንቋ «ባህላዊ ወርቅ አምራቾች» ይባላሉ። እኔ በሥራቸው ውስጥ የማየው ግን ትልቅ ዕውቀት ነው፤ ማንም በወረቀት ያላሰፈረው፣ ከእናት ወደ ልጅ በእጅ የተላለፈ።

አጠባውን ከቅርብ እንየው። ገበቴው ከግማሽ በላይ በጠጠር ይሞላና ውሃ ውስጥ ይነከራል። አጣቢዋ መጀመሪያ ጭቃውን በእጇ እያሸች ታሟሟለች፤ ያልሟሟ የጭቃ ጓል ወርቁን እንደያዘ ከገበቴው ይወጣልና። ትልልቆቹን ድንጋዮች አንድ በአንድ አለቅልቃ ትጥላለች። ከዚያ ገበቴውን ውሃው ውስጥ እንዳለ ግራና ቀኝ ትነቀንቀዋለች። የሙያው ልብ ይህ ንቅናቄ ነው። ጀማሪ ቸኩሎ ማፍሰስ ይጀምርና ገና ወደ ታች ያልወረደውን ወርቅ ከአሸዋው ጋር ይሸኘዋል። በደንብ ከተነቀነቀ በኋላ ገበቴው ወደ ፊት ዘንበል ይላል፤ ውሃውም ከላይ ያለውን ቀላል አሸዋ ጠርጎ ይወስዳል። እንደገና መነቅነቅ፣ እንደገና ማዘንበል። በመጨረሻ አንድ ማንኪያ የማይሞላ ጥቁር አሸዋ ይቀራል። ይህ በአብዛኛው ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን ነው፤ ማግኔት ሲጠጋው ብድግ ይላል። ጥቂት ውሃ ጨምራ ቀስ አድርጋ ስታዞረው ጥቁሩ ወደ ፊት ይሸሻል፤ ከኋላው ቢጫ ነጥቦች ተሰልፈው ይቀራሉ። አንዳንዴ አምስት፣ አንዳንዴ አንድ፣ ብዙ ጊዜ ምንም።

ነገሩ ሁሉ የክብደት ጉዳይ ነው። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ወርቅ 19.3 ግራም ይመዝናል፤ ጥቁሩ አሸዋ 5 ግራም ገደማ፣ የተራው አሸዋ ዋና አካል የሆነው ኳርትዝ ደግሞ 2.65 ግራም። በደረቁ ወርቅ ከኳርትዝ 7 እጥፍ ይከብዳል ማለት ነው። ውሃ ውስጥ ሲገቡ ግን ውሃው ከእያንዳንዳቸው ላይ አንድ አንድ ግራም ያቀላል፤ ልዩነቱም ወደ 11 እጥፍ ይሰፋል። ገበቴው ሲነቀነቅ ከውሃው የማይወጣው ለዚህ ነው።

ወርቁ ከየት መጣ? ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ካላቸው አለቶች። በእነዚህ አለቶች ስንጥቅ ውስጥ ከጥልቅ የመጣ ትኩስ ውሃ ሲያልፍ ወርቅና ኳርትዝ ጥሎ ሄዷል፤ ነጩ የኳርትዝ ጅማት የተፈጠረውም እንዲያ ነው። በአገራችን እነዚህ ጥንታዊ አለቶች በስፋት ገጥጠው የሚታዩት በሰሜን ትግራይ፣ በምዕራብ ከወለጋና ከቤኒሻንጉል እስከ ጋምቤላ፣ በደቡብ ደግሞ በጉጂ፣ በአዶላና በሻኪሶ ዙሪያ ነው። መሐል አገር ያለውን ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ደፍኖታል። የሸዋ ገበሬ በወንዙ ወርቅ የማያገኘው ለዚህ ነው።

ጅማቱ በፀሐይና በዝናብ ሲፈራርስ ወርቁ በጎርፍ ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ የፈላጊው ጥበብም እዚህ ይጀምራል። ወርቅ ከባድ ስለሆነ ወንዙ ጉልበት ባነሰው ቁጥር ይጥለዋል። ወንዝ ሲጠማዘዝ በውስጠኛው ዳር፣ ከትልቅ ቋጥኝ በስተጀርባ፣ ቁልቁል የመጣ ውሃ ሜዳ ሲደርስ። ከሁሉም በላይ ደለሉ አልቆ ጽኑው አለት በሚጀምርበት፣ በአለቱ ስንጥቅ ውስጥ። ቆፋሪዎች ላይኛውን አሸዋ ንቀው እስከ አለቱ የሚወርዱት ይህን ስለሚያውቁ ነው። ወንዙ ከሺህ ዓመታት በፊት ይሄድበት የነበረና ዛሬ ከውሃው በላይ የቀረ የጠጠር እርከንም አይታለፍም።

ምንጩን መፈለግ ደግሞ ሌላ ትዕግሥት ይጠይቃል። ፈላጊው ወንዙን ሽቅብ እየተከተለ በየርቀቱ ያጥባል፤ ገባር ወንዝ ሲያገኝ ሁለቱንም ለየብቻ ይሞክራል፤ ወርቅ ባሳየው በኩል ይቀጥላል። የወርቁ ቅርጽም ይመራዋል። የተለሰነና ጠርዙ የዶለዶመ ከሆነ ብዙ ተጉዟል። ሻካራና ሾጣጣ ከሆነ፣ ወይም ነጭ ድንጋይ አሁንም ከተጣበቀበት፣ ምንጩ ቅርብ ነው። ቢጫው ነጥብ በድንገት ሲጠፋ ፈላጊው ወንዙን ትቶ ወደ ኮረብታው ይወጣል።

የሚያብለጨልጭ ሁሉ አያታልለውም። ማይካ የሚባለው ቅርፊታም ማዕድን በፀሐይ ያንጸባርቃል፤ በእጅ ጥላ ሲከልሉት ግን ይደበዝዛል። ወርቅ ጥላ ውስጥም ያው ቢጫ ነው። ወርቅ የሚመስለው ፓይራይት በመዶሻ ሲመታ ይደቅቃል፤ ወርቅ ይዳመጣል እንጂ አይሰበርም።

ይህ ሙያ በእኛ ምድር ምን ያህል የቆየ ነው? በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ የአክሱም ንጉሥ ሰዎች በአገው ገዢ በኩል ሳሱ ወደሚባል አገር ለወርቅ እንደሚዘልቁ ጽፏል። በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ይሄዳሉ። እሾህ አጥረው፣ በሬ አርደው ሥጋውን እሾሁ ላይ ያኖሩታል፤ ያገሬው ሰው ደግሞ የጥራጥሬ ፍሬ የሚያክል ወርቅ ከአጠገቡ ያስቀምጣል። የሥጋው ባለቤት ዋጋው ከተስማማው ወርቁን ያነሣል፤ ካልተስማማው ይተወዋል። በመካከላቸው አንድም ቃል የለም። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ የቤኒሻንጉል ወርቅ የግብፁን መሐመድ ዓሊ ጦር ወደ ሱዳን ከሳቡት ነገሮች አንዱ ሆነ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ግዛቱ በምኒልክ ሥር ሲገባም የአሶሳው ሼህ ሆጀሌ ይገብሩ የነበረው ወርቅ ነው። የወርቁ መለኪያ ወቄት የማርያ ቴሬዛን ብር ያህል፣ 28 ግራም ገደማ ነው።

በሌላው ዓለም ይህን ሥራ ለመዝናኛ የሚይዙት አሉ። የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት በትንሽ ክፍያ ለ10 ዓመት የሚያገለግል የፈላጊ ፈቃድ ትሰጣለች፤ ሰዎች ቅዳሜና እሑድ ሳፋና ብረት ጠቋሚ መሣሪያ ይዘው ይወጣሉ። በእኛ አገር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። በአዋጅ ቁጥር 678/2002 የባህላዊ ማዕድን ማምረት ፈቃድ የሚሰጠው ለኢትዮጵያውያን ብቻ ሲሆን የሚጠየቀውም ከክልሉ ነው።

ሥራው ሰው ይበላል። ጠባቡ ጉድጓድ ከታች ወደ ጎን እየተቦረቦረ ይሄዳል፤ ክረምት ሲገባ አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ይናዳል። ከዚህ ይልቅ ዝም ብሎ የሚገድለው ግን ሜርኩሪ ነው። በገበቴ ሊለይ ያልቻለውን ደቃቅ ወርቅ ከሜርኩሪ ጋር ያሹታል፤ ሁለቱ ተያይዘው ብርማ ጓል ይሆናሉ። ጓሉ እሳት ላይ ሲጣድ ሜርኩሪው በ357 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ተኖ ይሄዳል፣ ወርቁ ይቀራል። ብዙ ጊዜ ይህ የሚሆነው እቤት፣ ምግብ በሚበስልበት ምድጃ ላይ ነው። ተኑ ሽታ የለውም። ነርቭን ይጎዳል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ማኅፀን ውስጥ ያለ ፅንስ ድረስ ይደርሳል። ወንዝ የገባውም በዓሣ በኩል ወደ ሰው ይመለሳል። ሰው ሠራሽ ሆኖ ወደ ዓለም አየር ከሚለቀቀው ሜርኩሪ ከሦስት እጅ አንዱን የሚበልጠው የሚወጣው ከአነስተኛ የወርቅ ሥራ ነው።

ያለ ሜርኩሪ ማውጣት ግን ይቻላል። በሰሜን ፊሊፒንስ፣ በቤንጌት፣ አነስተኛ ወርቅ አምራቾች ከ30 ዓመት በላይ ቦራክስ በሚባል ማዕድን ሲጠቀሙ ኖረዋል። ጥቁሩ አሸዋ ከቦራክስ ጋር ተደባልቆ በከሰል እሳት ይቀልጣል። ቦራክሱ ሌሎቹ ማዕድናት ቶሎ እንዲቀልጡ ያደርጋል፤ እነሱ ከላይ ሲንሳፈፉ ወርቁ ከታች አንድ እንክብል ሆኖ ይሰበሰባል። ዘዴው የሚያስቸግረው አንድ ነገር አለው፦ ወደ እሳቱ የሚገባው አሸዋ አስቀድሞ እስከ መጨረሻው በደንብ የታጠበ፣ ወርቁ የበዛ፣ ሌላው ማዕድን ያነሰ መሆን አለበት። ሜርኩሪ ለችኩል አጣቢ ይመቻል፤ ቦራክስ ግን ገበቴ የሚያውቅ እጅ ይፈልጋል። የመንጌና የሸርቆሌ ሴቶች ያ እጅ አላቸው። የሚያስፈልጋቸው ቦራክሱ፣ ሙቀቱን የሚችል ምድጃና አንድ ጊዜ አሳይቶ የሚያስተምራቸው ሰው ነው።