የወረቀት ዕድሜና የሱፐርማን ዋጋ

ሱፐርማንን ለዓለም ያስተዋወቀው የሥዕላዊ ታሪክ መጽሔት፣ «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1፣ እ.ኤ.አ. በ1938 በአሜሪካ በ10 ሳንቲም ተሸጠ። በ2014 ግን ከ10 ነጥብ 9.0 ያገኘ አንድ ቅጂው ከ3.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። ከብርቅነቱ ሌላ ዋጋውን ያናረው ሳይጎዳ መቆየቱ ነው። ለመሆኑ ወረቀት ለምን ያረጃል? መልሱን ከኬሚስትሪ እናገኘዋለን።

መጽሔቱ የታተመበት ርካሽ ወረቀት ሊግኒን የተባለው የእንጨት ንጥረ ነገር አልወጣለትም። ሊግኒን ከብርሃንና ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ገጹ ይወይባል፤ አሲድ ደግሞ የሴሉሎስን ሰንሰለቶች ይቆራርጣል። ሙቀትና እርጥበት ጥፋቱን ያፋጥኑታል። በ1977 በዴንቨር ከተማ አካባቢ የተገኘው የኤድጋር ቸርች ስብስብ ለዚህ ምስክር ነው፤ በደረቅና ቀዝቃዛ ስፍራ ተደራርበው የኖሩት መጽሔቶች ገጻቸው እንደነጣ ተገኘ።

እኛም የቆዩ መጻሕፍታችንን ከፀሐይና ከእርጥበት እንጠብቅ፤ የተቆረጠ ሰንሰለት ተመልሶ አይቀጠልምና።