«በፈቃዴ ነው» ሲባል ሕግ ምን ይላል?

በ1987 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዝ ውስጥ፣ ማንችስተር ፖሊስ እጅ አንድ የቪዲዮ ካሴት ገባ። ወንዶች ሲገረፉና ሲቆስሉ ያሳያል። ፖሊስ ሰው ተገድሏል ብሎ ምርመራ ጀመረ። ሟች ግን አልተገኘም፤ ተጎዳሁ ብሎ ያመለከተም የለም። ሰዎቹ «ተስማምተን ነው» አሉ። ይሁንና 16ቱ ጥፋተኛ ተባሉ። በገዛ ሰውነቱ ላይ ለተፈጸመው ድርጊት «ተባባሪ ነህ» የተባለም ነበረ።

የብራውን ጉዳይ የሚባለው ይኸው ክርክር በ1993 ያኔ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት በነበረው በጌቶች ምክር ቤት ውሳኔ አገኘ። ከአምስቱ ዳኞች ሦስቱ በ1861 ሕግ ተመርኩዘው፣ ጉዳቱ ከቀላል ጭረት ካለፈ ፈቃድ አያድንም አሉ። ቦክሰኛ የተጋጣሚውን አፍንጫ ሲሰብር ግን ስፖርት ነው! ስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤትም በ1997 በሙሉ ድምፅ ለእንግሊዝ መንግሥት ፈረደ። በ1996 ደግሞ ሚስቱ ስለጠየቀችው የስሙን ፊደላት በጋለ ቢላ መቀመጫዋ ላይ የጻፈ ባል በይግባኝ ነጻ ወጥቷል። ትዳር ይህን ያህል ልዩነት ማምጣቱ ለእኔ አይዋጥልኝም።

የካሴቱ ሰዎች ያደርጉት የነበረው ዓይነት፣ ማሰር፣ ማዘዝ ወይም ማሳመም ያለበት በስምምነት የሚደረግ ወሲባዊ ጨዋታ ቢዲኤስኤም ይባላል፤ ሁሉም ግን ቁስል አይተውም። አንዱ አጋር የሌላውን የወሲብ እርካታ የሚቆጣጠርበት፣ «አሁን አይሆንም» እያለ የሚያዘገይበት ልማድ አለ። ልምዱ ያላቸው ሰዎች አስቀድመው ይነጋገራሉ፦ ምን ይፈቀዳል፣ ምን አይነካም፣ እስከ መቼ። «ተው» ማለት የጨዋታው አካል ሊሆን ስለሚችል ሌላ የማቆሚያ ቃል ይመርጣሉ፤ ብዙዎች «ቀይ» ይላሉ። ቃሉ ከወጣ ሁሉም ነገር ይቆማል።

ቁስል የሚለካ ሕግ እዚህ ምንም አያይም። እንግሊዝና ዌልስ በ2015 አጋርን በቁጥጥርና በማስገደድ መያዝን ወንጀል አድርገዋል፤ ከውጭ ለሚያይ ሁለቱ ይመሳሰላሉ፣ አንዱ ያዛል፣ ሌላው ይታዘዛል። የሚለያቸው «ቀይ» ያለው ሰው መዘዝ ሳይፈራ መውጣት መቻሉ ነው። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2011 ራሱን የሳተ ሰው ቀድሞ የሰጠው ፈቃድ አይጸናም ያለውም ለዚህ ነው፤ ራሱን የሳተ ሰው ሐሳቡን ሊቀይር አይችልም።

ሴት ገድለው «እሷው የፈለገችው ጨዋታ ነው» የሚሉ ተከሳሾች ቁጣ ካስነሡ በኋላ፣ የእንግሊዝና ዌልስ የ2021 ሕግ ለወሲብ እርካታ በተፈጸመ ከባድ ጉዳት ፈቃድ መከላከያ እንደማይሆን ደነገገ። ያ በር መዘጋቱ ተገቢ ነው። ሕጉ «ከባድ» የሚለው ግን የ1993ቱን ዝቅተኛ መለኪያም ይጨምራል። የካሴቱ ሰዎች ዛሬ ቢከሰሱም ፈቃዳቸው አያድናቸውም።