የምጽዋ ነፋስና የካይት ጨዋታ

በምጽዋ ዳርቻ የሚነፍሰው ነፋስ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ አቅጣጫውን ይለውጣል። ምክንያቱም የብስ በቀን ቶሎ ሲሞቅ ሌሊትም ቶሎ ሲቀዘቅዝ፣ ባሕሩ ግን በሁለቱም ዘገምተኛ ስለ ሆነ ነው። ረፋዱ ላይ በየብስ ያለው አየር ሞቆ ወደ ላይ ሲወጣ ቀዝቀዝ ያለው የባሕር አየር በስፍራው ይተካል። ይህም ነፋስ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ገደማ ይበረታና ጀንበር ስታዘቀዝቅ ይደክማል። ሌሊት ነገሩ ይገለበጣል፤ ባለ ሸራ ዓሣ አጥማጆች ጎሕ ሲቀድ በየብሱ ነፋስ ወጥተው ከሰዓት በኋላ በባሕሩ ነፋስ የሚመለሱበት ጥበብ ይኸው ነው።

በሰሌዳ ላይ ቆሞ በካይት እየተጎተቱ በውሃ ላይ መጋለብ ግን ቅርብ ጊዜ የመጣ ነው፤ በአየር ለሚነፋው ካይት ሁለት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች የፈጠራ መብት ያስመዘገቡት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1984 ነበር። ለዚህ ጨዋታ የሚበጀው ከባሕር ወደ ዳርቻው በሰያፍ የሚነፍሰው የከሰዓት በኋላ ነፋስ ነው። የማለዳው ያታልላል። በዳርቻው ውሃው ለጥ ብሎ ይታያል፤ ካይቱ የወደቀበት ሰው ግን ወደ ዳህላክ አቅጣጫ እየተገፋ ይርቃል እንጂ ወደ የብስ አይመለስም።

ሰዓት መቁጠር ብቻም አይበቃም። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ከባብ ኤል መንደብ በኩል የሚመጣው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ሲበረታ የዕለቱን ሥርዓት ሊሽረው ይችላል። ስለዚህ በዚህ ጨዋታ እንግዳ ለመሳብ የሚያስብ ነጋዴ ከካይቱ አስቀድሞ የሞተር ጀልባ ይግዛ፤ ፈቃድ የሚሰጠውም ሹም ስለ ጀልባዋ አስቀድሞ ይጠይቅ።