የወረቀት ፋኖስና የሁለት አገር ልጅ

የቤት ዕቃ ሁሉ የሠሪውን እጅ ታሪክ ይዞ ይኖራል፤ ነገር ግን ባለቤቱ ዘወትር እያየው ስለሚያልፍ ታሪኩን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ዛሬ ለቤተ ሰብ አንባቢዎቻችን የምንተርከው ስለ አንድ ፋኖስ ነው፤ ይኸውም በጃፓን አገር በጊፉ ከተማ ከቀርከሃና ከወረቀት የሚሠራ፣ ስሙም አካሪ የሚባል ነው። ይህ ፋኖስ የተገኘው የአባቶቻቸውን የእጅ ጥበብ የወረሱ ሠራተኞችና በአዲሱ ዘመን ጥበብ የታወቀ አንድ ሐውልት ቀራጭ ተስማምተው በመሥራታቸው ነው። በጽሑፋችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቀራጩ ኢሳሙ ኖጉቺ ይባላል። የተወለደው በ1904 በአሜሪካ፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ ነው። አባቱ ዮኔ ኖጉቺ ጃፓናዊ ባለቅኔ፣ እናቱ ሌዎኒ ጊልሞር አሜሪካዊት ጸሐፊና አስተማሪ ነበሩ። አባትየው ልጁ ሳይወለድ ወደ አገሩ ተመልሶ ነበርና፣ እናትየው በ1907 ሕፃኑን ይዛ ባሕር ተሻግራ ወደ ጃፓን ሄደች። ይሁን እንጂ ኑሯቸው አልሰመረም፤ ዮኔ ኖጉቺ ከሌላ ሴት ጋራ ትዳሩን አቆመ፣ ኢሳሙም በእናቱ እጅ አደገ። እንዲህ ያለ ልጅ በአንዱ አገር የውጭ ሰው፣ በሌላውም አገር እንግዳ ሆኖ እንደሚቆጠር የታወቀ ነው። ስለዚህ እናቱ በእጁ የሚተማመንበትን ነገር ልትሰጠው ወድዳ ከአንድ አናጢ ዘንድ እንዲማር አደረገችው። በ1918 ደግሞ፣ ገና 13 ዓመት ሲሆነው፣ ለትምህርት ብቻውን ወደ አሜሪካ ላከችው።

ኢሳሙ አድጎ ሐውልት መቅረጽን መረጠ። በ1927 ወደ ፓሪስ ሄዶ ከስመ ጥሩው ቀራጭ ከብራንኩሲ ዘንድ ረዳት ሆኖ ሠራ። ከዚህም በኋላ የአባቱን አገር ለማየት ወደ ምሥራቅ ሲነሣ፣ ኖጉቺ በሚለው ስም ወደ ጃፓን እንዳይመጣ የሚከለክል ደብዳቤ ከአባቱ ደረሰው። ከወላጅ እጅ እንዲህ ያለ ቃል መቀበል ምን ያህል እንደሚያቈስል ልጅ ያለው ሁሉ ያውቀዋል።

እርሱ ግን መንገዱን ለጊዜው አዞረ እንጂ አልተወም። በ1930 በፔኪንግ ከተማ ተቀምጦ፣ ዝነኛው ቻይናዊ ሠዓሊ ቺ ባይሺ በጥቁር ቀለምና በብሩሽ የመሣልን የጥንት ጥበብ አስተማሩት። እኒህ አረጋዊ ራሳቸው በወጣትነታቸው አናጢ ነበሩ። በ1931 ወደ ጃፓን ተሻገረና በኪዮቶ ከሸክላ ሠሪው ከኡኖ ጂንማትሱ ዘንድ ጭቃን መሥራት ተማረ። ልብ ልንለው የሚገባ ነገር ይህ ነው፤ በፓሪስ አዲሱን ጥበብ ያየ ሰው፣ በእስያ ሽማግሌዎች ፊት እንደ ገና ደቀ መዝሙር ሆኖ ተቀመጠ።

ጃፓንና አሜሪካ በ1941 መጨረሻ ጦርነት በገጠሙ ጊዜ፣ የአሜሪካ መንግሥት በምዕራብ ጠረፍ የሚኖሩትን ከ110 ሺህ የሚበልጡ የጃፓን ተወላጆች ከቤታቸው አስነሥቶ በሰፈር አጥሮ አስቀመጣቸው። ኢሳሙ የሚኖረው በኒውዮርክ ስለ ነበረ ትእዛዙ አይነካውም ነበር፤ ዳሩ ግን የእስረኞቹን ኑሮ በእጅ ሥራና በአትክልት አሻሽላለሁ ብሎ በ1942 በገዛ ፈቃዱ በአሪዞና በረሃ ወዳለው ወደ ፖስተን ሰፈር ገባ። ሐሳቡ ስላልተሳካለት ከጥቂት ወራት በኋላ ወጣ።

አባቱ በ1947 ሞተ። ኢሳሙም በ1950 ወደ ጃፓን ተመልሶ፣ አባቱ ያስተምርበት በነበረው በኬዮ ዩኒቨርሲቲ ለአባቱ መታሰቢያ የሚሆን አዳራሽ አበጀ። በሕይወቱ ስሙን ሊያካፍለው ያልወደደውን አባት፣ ልጁ በእጁ ሥራ አከበረው።

በ1951 ኢሳሙ በጊፉ ከተማ አለፈ። በዚያ የሚፈሰው ወንዝ ናጋራ ይባላል፤ ዓሣ አጥማጆችም በሌሊት እሳት እያበሩ፣ በለመዱ የውኃ ወፎች ዓሣ ሲያስይዙ ለማየት ሕዝቡ ፋኖስ በተንጠለጠለባቸው ጀልባዎች ይወጣል። የጊፉ ፋኖስ ከጥንት የታወቀ ነው። ቤተ ሰብ የሞቱ ዘመዶቹን በሚያስብበት ኦቦን በሚባለው በዓል፣ አበባና ሣር የተሣለበት ፋኖስ በየቤቱ ይሰቀላል። ነገር ግን ኤሌክትሪክ ከመጣ ወዲህ ገበያው እየቀዘቀዘ፣ ጥበቡም ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍበት ተስፋ እየመነመነ ሄደ። ስለዚህ የከተማው ከንቲባ፣ ይህን ሥራ የሚያድስ አዲስ ንድፍ ያወጣላቸው ዘንድ ኢሳሙን ለመኑት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አስቀድሞ ከሳንቃ ክፍሎች የተገጣጠመ የእንጨት ቅርጽ ይቆማል፤ በቅርጹም ዙሪያ በቀጭኑ የተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ ክር ይጠመጠማል። ከዚያም ኮዞ ከሚባለው ዛፍ ልጥ በእጅ የተሠራ ወረቀት በሙጫ ይለጠፍበታል። ሙጫው ሲደርቅ የውስጡ ሳንቃ እየተፈታ በአፉ በኩል ይወጣና ፋኖሱ ባዶውን ይቆማል፤ በተፈለገም ጊዜ ታጥፎ ጠፍጣፋ ይሆናል።

ኢሳሙ ከዚህ ሥራ የለወጠውንና ያልለወጠውን ለይተን እንመልከት። በሻማው ፈንታ የኤሌክትሪክ አምፑል አገባ፤ ፋኖሱን የሚወጥር የብረት ሽቦ አበጀለት፤ ሥዕሉን አስቀርቶ ወረቀቱ ነጭ እንደ ሆነ ተወው፤ ለፋኖሱም እንደ ዓምድ ረጅም፣ እንደ ሣጥን አራት ማዕዘን፣ ሌላም ሌላም መልክ ሰጠው። ወረቀቱን፣ ቀርከሃውንና የሠራተኞቹን እጅ ግን አልነካም። ማሠሪያውም በ1891 የተመሠረተው የኦዜኪ የፋኖስ ቤት ሆነ። አካሪ ማለት በጃፓን ቋንቋ ብርሃን ማለት ነው፤ ኢሳሙ ለምልክትነት የመረጠውም ፀሐይና ጨረቃ ጎን ለጎን የሚታዩበትን ፊደል ነው።

በእኛ አስተያየት የዚህ ማኅበር ጥበብ ያለው በዚህ መለያየት ነው። አሮጌውን ጥበብ ሳይነኩት እንዲሁ እናቆየው የሚሉ ሰዎች፣ ገዢ አጥቶ ሲሞት ያዩታል፤ ሁሉን እንለውጥ የሚሉም ስሙን ይዘው ነፍሱን ይጥሉታል። ኢሳሙ ንድፍ አወጣ፣ የጊፉ ሠራተኞች ግን ንድፉ ሊሆን የሚችለውንና የማይችለውን በእጃቸው ያውቁ ነበር። አንዱ ያለ ሌላው አካሪን ሊሠራ ባልቻለም ነበር።

ኢሳሙ በ1988 እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ ከ100 የሚበልጥ ዓይነት አካሪ አወጣ። በ1986 በቬኒስ በተደረገው ታላቅ የጥበብ ትርኢት አሜሪካን ወክሎ በቀረበ ጊዜ፣ ከድንጋይ ሐውልቶቹ ጋራ እነዚህን የወረቀት መብራቶች ይዞ ገባ፤ የቤት መብራት ከሐውልት አያንስም ማለቱ ነበር። በድንጋይ ሥራውም ቢሆን ያንኑ መንገድ ተከተለ፤ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሺኮኩ ደሴት፣ ሙሬ በሚባል የድንጋይ ጠራቢዎች መንደር፣ ከጠራቢ ቤተ ሰብ ከተወለደው ከኢዙሚ ማሳቶሺ ጋራ እስከ ዕለተ ሞቱ ሠራ።

አካሪን አስመስለው በርካሽ የሚሠሩ በብዙ አገር ተነሥተዋል፤ በጊፉ ግን የኦዜኪ ቤት ሠራተኞች ዛሬም ቀርከሃውን በእጃቸው ይጠመጥማሉ። ከንቲባው የፈሩለት ሥራ ከ70 ዓመት በኋላ እንጀራ ሆኖ ይገኛል።

ይህን የጻፍንላችሁ ስለ ሩቅ አገር ፋኖስ ብቻ እንድታውቁ አይደለም። ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆች፣ ያችን እናት ያስቧት ዘንድ ነው። ለልጇ ሙሉ አገርም፣ በቤት የሚቀመጥ አባትም ልትሰጠው አልቻለችም፤ ከአናጢ ዘንድ በማስቀመጧ ግን በፔኪንግም በኪዮቶም በጊፉም ከእጅ ሠራተኛ ጋራ የሚያግባባውን ቋንቋ ሰጠችው። እኛም ልጆቻችንን ወደ ትምህርት ቤት ስንልክ፣ በሰፈራችን ያለውን የእጅ ባለሙያ አክብረው ሰላምታ እንዲሰጡት፣ ሥራውንም ቀርበው እንዲጠይቁት ብናስለምዳቸው መልካም ይመስለናል።